ቴምብር የገደለችው ዶሮ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ያዝ አድርጉና አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ «መምህር አሁንም ማሳጠር አልቻለም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ቻሉት እንግዲህ፣ ደውል የለም። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ስለ አንዲት ዶሮ ነው።

ዶሮዋ የተፈለፈለችው ከ150 ዓመት በፊት፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ኮኔክቲከት በሚባለው ግዛት፣ ዋተርበሪ በምትባል ከተማ ነው። የወጣችውም ከእንቁላል ሳይሆን ከቡሽ ነው፤ ጠርሙስ ከምንከድንበት ቡሽ። የኖረችው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሥራዋም አንድ ነበር፦ ቴምብር መግደል። ዛሬ ያቺ ዶሮ ያረፈችበት ፖስታ ለጨረታ ሲወጣ ቤት የሚገዛ ገንዘብ ያወጣል።

ገንዘቡን ለጊዜው እንተወው። ብዙ ሰው ስለ ድሮ ቴምብር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ይህቺ ዶሮ እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ማን ቀረጻት? እኛስ ከ150 ዓመት በኋላ ስለ እሷ እንዴት ልናውቅ ቻልን? የመጨረሻው ጥያቄ ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውንም ይነካል። እዚያ እንደርሳለን።

ማኅተም ሲገድል

እኛ አገር ማኅተም ትልቅ ነገር ነው። ክብ ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ፣ ደብዳቤ አይባልም። «ማኅተም ያዧ ወጣ ብላለች» ከተባላችሁ ነገ ተመለሱ ማለት ነው። ወረቀቱ ነፍስ የሚዘራው ማኅተሙ ጠብ ሲልበት ነው አይደል?

ፖስታ ቤት ግን ነገሩ ግልባጩ ነው። ማኅተም ያረፈበት ቴምብር ሞተ ማለት ነው። ሥራውን ጨርሷል፣ ሁለተኛ አያገለግልም። በእንግሊዝኛ የቴምብር ሰብሳቢዎች ይህን ዓይነቱን ማኅተም «ገዳይ» ነው የሚሉት። ስሙ እውነትም ይገባዋል።

መግደል ለምን አስፈለገ? ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ።

እስከ 1840 ድረስ እዚያ የደብዳቤን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ሂሳቡ በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ይሰላል። ስለዚህ ድሃ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ደስታም ዕዳም አብሮ ይመጣ ነበር። የፓርላማ አባላት ግን በነጻ ይልኩ ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር አገር አይመርጥም።

ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው በ1837 አንድ ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። በነገራችን ላይ ሰውየው መምህር ነበር፤ ሙያዬን ላሞግስ ብዬ ግን አይደለም። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ደብዳቤን ከከተማ ከተማ ማጓጓዝ ያን ያህል ውድ አይደለም። ገንዘቡን የሚበላው ሂሳብ ማስላቱ፣ መዝገብ መያዙ፣ በየበሩ እያንኳኩ ማስከፈሉ ነው። ስለዚህ ርቀት ሳይለይ፣ ግማሽ አውንስ ለሚመዝን ደብዳቤ አንድ ፔኒ ይከፈል፤ የሚከፍለውም ላኪው ይሁን፤ እሱም አስቀድሞ።

አስቀድሞ መከፈሉን የምታሳይ ቁራጭ ወረቀት በግንቦት 1 ቀን 1840 ለሽያጭ ወጣች፤ ከግንቦት 6 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለች። የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ያለባት ጥቁሯ ባለ አንድ ፔኒ ቴምብር ናት፤ የዓለም የመጀመሪያዋ የሚለጠፍ ቴምብር። ከ68 ሚሊዮን በላይ ታትማለች። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። አስቡት! ያ ሁሉ ሰው የሚለው ነገር ነበረው፤ ዋጋው ነበር አፉን የያዘው።

መንግሥት ግን ወዲያው አንድ ስጋት ገባው። ሰው ያው ሰው ነው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቴምብሯን ቀስ ብሎ አላቆ፣ መልሱ ላይ ቢለጥፋትስ?

ለዚህ የተዘጋጀው መሣሪያ የማልታ መስቀል የሚመስል ማኅተም ነበር፤ በቀይ ቀለም። ውብ ነው፤ ብታዩት ጌጥ ነው የሚመስላችሁ። ችግሩ ቀዩ ቀለም በኬሚካል ይለቅ ነበር። ስለዚህ በ1841 መጀመሪያ ነገሩን ገለበጡት፦ የማኅተሙን ቀለም ጥቁር፣ ቴምብሯን ደግሞ ቀይ ቡናማ አደረጓት። በዓለም ዝነኛ የሆነችው ጥቁሯ ቴምብር ዕድሜዋ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ያስቀየራት የቀለም ማስለቀቅ ፍርሃት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። መስቀሎቹ በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል። በስኮትላንዷ ኪልማርኖክ፣ በአየርላንዷ ሙሊንጋር የነበሩት ደግሞ ለብቻቸው የሚታወቁ ቅርጾች ናቸው። የሚያውቅ ሰው መስቀሉን ብቻ አይቶ «ይሄ የዚያ ከተማ ነው» ይላል። ያ ልዩነት በ1844 መስቀሉ በቁጥር ማኅተም ሲተካ አበቃ። ቁጥር ሥራ ያቀላል፤ ግን መልክ የለውም።

ቡሽና ሰንጢ

አሜሪካኖች የመጀመሪያዎቹን ብሔራዊ ቴምብሮቻቸውን ያወጡት በ1847 ነው፤ ፍራንክሊን በ5 ሳንቲም፣ ዋሽንግተን በ10 ሳንቲም። በ1851 ዋጋው ወረደና አስቀድሞ ለተከፈለበት ተራ ደብዳቤ እስከ 3,000 ማይል ድረስ 3 ሳንቲም ሆነ። በ1855 አስቀድሞ መክፈል ግዴታ ሆነ፤ ከ1856 ጀምሮ ደግሞ ክፍያው በቴምብር እንዲሆን ተደረገ። በ1860 ሌላ ትእዛዝ መጣ፦ የከተማውን ስምና ቀኑን የሚናገረው ማኅተም ቴምብሩን ለመግደል አያገለግል፤ ገዳዩ የራሱ መሣሪያ ይኑረው። ምክንያቱም ቀን የሚናገረው ማኅተም ፖስታው ላይ በግልጽ መነበብ አለበት፤ ገዳዩ ደግሞ በቀለም መድፈቅ አለበት። ሥራቸው የተለያየ ነው።

ትእዛዝ ማውጣት ቀላል ነው። መሣሪያውን ማን ያቅርብ? ትልልቆቹ ፖስታ ቤቶች ከመንግሥት ያገኙ ነበር። ትንንሾቹ ግን ለራሳችሁ ተወጡት ተባሉ። አገሩ ደግሞ በትንንሽ ፖስታ ቤት የተሞላ ነው። ብዙ ቦታ ፖስታ ቤት የሚባለው የሱቅ ጥግ ነበር፤ ሹሙም ጨውና ጨርቅ የሚሸጠው ባለሱቅ። ሹመቱም የፖለቲካ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ሲቀየር የመንደሩ የፖስታ ሹምም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀየራል።

አንዳንዱ በብዕር ጫር አድርጎ ገላገለው። ሌላው ግን ዙሪያውን ቃኘና የጠርሙስ ቡሽ አገኘ።

ቡሽ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ለስላሳ ስለሆነ በሰንጢ ይቀረጻል። ቀለም ይይዛል። በነጻ ይገኛል። ልኩም ለቴምብር ልክ ነው። ቡሹን በግርድፉ ብትመቱት ጥቁር ክብ ይወጣል፤ የንግሥቲቱንም የፕሬዚዳንቱንም ፊት ይደፍናል። መሃሉን በመስቀለኛ ብትቆርጡት ደግሞ እንደ ተቆራረጠ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ቀለሙም በደንብ ይሰርጋል። ደንቡ የሚጠይቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሰውየው የራሱ ነው።

የሰውየው የራሱ ደግሞ ብዙ ሆነ። አንዱ ኮከብ ቀረጸ። ሌላው ልብ፣ ሌላው ቅጠል፣ ጋሻ፣ መልሕቅ። የእርስ በርስ ጦርነቱ (1861–1865) ሲመጣ ባንዲራና የአገር ፍቅር ምልክቶች በዙ። የራስ ቅልና አጥንት የቀረጸም አለ፤ ቴምብሩን ገድዬዋለሁ ማለቱ ነው መሰለኝ። የሜሶን ማኅበር አባል የሆነው ሹም ደግሞ የማኅበሩን ምልክት፣ ኮምፓሱንና ማዕዘን መለኪያውን፣ ያለማንም ፈቃድ መንግሥታዊው ፖስታ ላይ ያትም ነበር። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቀርጾ የሚመታም ነበር። ከዋሽንግተን በሺህ ማይል ርቀት ያለ፣ ስሙ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ የማይገኝ ሰው፣ ሊንከንም ጋዜጠኛም በማያዩት ጥግ ተቀምጦ «እኔም እዚህ ነበርኩ» አለ። በቡሽ።

ቡሽ አንድ ጉድለት አለው፤ ቶሎ ያልቃል። ቀለም እየጠጣ፣ እየተመታ፣ ጠርዙ ይሸራረፋል። ስለዚህ ሰውየው በየጊዜው አዲስ መቅረጽ ነበረበት። ይህ ጉድለት ለእኛ ለታሪክ ሰዎች በረከት ሆነ። አንድ ቅርጽ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ብቻ ስለሚኖር፣ ቅርጹን ያወቀ ሰው ቀን የሌለበትን ደብዳቤ ጭምር ዕድሜውን ሊገምት ይችላል።

ዋተርበሪ፣ 1869

አሁን ወደ ዶሮዋ እንመለስ። ዋተርበሪ የነሐስ ከተማ ናት፤ ቁልፍና ሰዓት የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሞሉባት። ብረት በየቀኑ እየቀረጸና እየቀጠቀጠ የሚያድር ሕዝብ ያለባት ከተማ ማለት ነው። እዚያ ፖስታ ቤት ውስጥ ጆን ሂል የሚባል ሰው ይሠራ ነበር። (ከእንግሊዙ ሂል ጋር ስማቸው ነው የገጠመው።) ይህ ሰው በ1860ዎቹ መጨረሻና በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቡሽ ቀረጻን ወደ ሌላ ደረጃ አደረሰው። ንብ ቀረጸ። ዝሆን ቀረጸ። ለፍቅረኞች ቀን ልብ ቀረጸ። በዓል በመጣ ቁጥር የዋተርበሪ ሰው ዛሬ ደግሞ ምን ይወጣ ይሆን ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም።

በ1869 መንግሥት አዲስ ቴምብሮች አወጣ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሁሉ የታላላቅ ሰዎች ፊት ነበር። አሁን ግን ባለ 2 ሳንቲሙ ላይ ፈረሰኛ ፖስተኛ፣ ባለ 3 ሳንቲሙ ላይ ባቡር መጣ። ሕዝቡ አልወደዳቸውም፤ በ1870 በሌላ ተተኩ። ጆን ሂል ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ፣ ባቡሩ ላይ፣ ክንፏን ዘርግታ የምትሮጥ ዶሮ መታበት። ባቡርና ዶሮ! ሐዲድ ላይ የገባች ዶሮ ነው የምትመስለው።

ዶሮ ናት ግን? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ሰብሳቢዎች «የምትሮጠው ዶሮ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ጸና። ሌሎች ግን «የለም፣ ተርኪ ናት» ይላሉ፤ አሜሪካኖች ለምስጋና ቀን የሚያርዱት ትልቁ ወፍ። ማስረጃቸው ምንድን ነው? ቅርጹ አይደለም፤ ቡሽ ላይ የተቀረጸ ወፍ ከሁለቱም ጋር ይመሳሰላል። ማስረጃው ቀኑ ነው። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ግራንት የምስጋና ቀን እንዲሆን ያወጁት ኅዳር 18 ቀን 1869 ነበር። ወፏ የታየችውም በዚያ ሰሞን፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የበዓል ቀልደኛ የሆነ ሰው፣ በተርኪ በዓል ሰሞን፣ ወፍ ቀረጸ። እኔ ከተርኪዎቹ ወገን ነኝ።

ተማሪዎቼ፣ ልብ በሉልኝ። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ቀን ስላለ ነው። ቀኑ ደግሞ ያለው ቴምብሩ ላይ አይደለም፤ ፖስታው ላይ ነው። የከተማው ስምም ያለው ፖስታው ላይ ነው። አንድ ሰው በዚያን ጊዜ ያቺን ቴምብር ከፖስታው ቆርጦ በውኃ ነክሮ አላቅቆ ደብተሩ ላይ ለጥፎ፣ ፖስታውን እሳት ውስጥ ቢከተው፣ እጃችን ላይ የሚቀረው አንድ ደብዛዛ ወፍ ብቻ ነበር። ዋተርበሪ የለም። 1869 የለም። የምስጋና ቀን የለም። ጆን ሂልም የለም።

መንግሥትና የቀለም አጣቢዎች

ዋሽንግተን ያሉት ባለሥልጣናት በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያሳስባቸው ወፍና ዝሆን አልነበረም። አሁንም የሚያስፈራቸው ያው የድሮው ነገር ነው፤ ሰው ቴምብር አጥቦ ይጠቀማል። ቻርልስ ስቲል የሚባል ሰው በ1867 መላ አመጣ። ቴምብሩ ሲታተም በትንንሽ ጥርሶች እየተጫነ የወረቀቱ ሥጋ እንዲሰበር ያደርጋል። ወረቀቱ ሲሰበር ቀለሙ ውስጥ ድረስ ይሰርጋል፤ ቢታጠብም አይለቅም። ለጥቂት ዓመታት የአሜሪካ ቴምብሮች ጀርባቸውን ብትዳስሷቸው እንደ ወንፊት የተጠቀጠቁ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ሙሉ ቴክኖሎጂ በሕዝብ ላይ ባለ ጥርጣሬ ተሠራ።

ጌጠኛ ማኅተም የትንሽ ከተማ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ደብዳቤዎችን የሚያስተናግደው ክፍል ከ1870 እስከ 1876 ድረስ የአበባና የጂኦሜትሪ ቅርጾችን ይጠቀም ነበር። ሰብሳቢዎች ለእነሱ ብቻ መጽሐፍ ጽፈውላቸዋል፤ የትኛው ቅርጽ መቼ ጀምሮ መቼ እንዳቆመ ይነግሯችኋል።

ከዚያስ? ከዚያ ማሽን መጣ፣ ደንብ መጣ። በ1870ዎቹ አጋማሽ ቴምብር የሚገድሉ ማሽኖች ሥራ ጀመሩ። በ1890ዎቹ ፖስታ ቤቱ ማኅተሙ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን አዘዘ። የቡሽ ዘመን አበቃ። ሥራው ፈጠነ፣ ተስተካከለ። ማን እንደመታው ግን ከዚያ በኋላ አይታወቅም።

ነገሩ ቀልድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ መንግሥት የፈራው ነገር በርግጥ ደረሰ። ግን በተቃራኒው አቅጣጫ። በ1861 የወጣችው ባለ 3 ሳንቲም ቴምብር ከ1 ቢሊዮን በላይ ታትማለች፤ ያገለገለች አንዷ ዛሬ በጥቂት ዶላር ትገኛለች። ጌጠኛ ማኅተም ካለባት ግን ዋጋዋ ይዘላል። ስለዚህ አጭበርባሪው ምን ያደርጋል? በብዕር የተሰረዘች ርካሽ ቴምብር ይገዛል፣ ቀለሙን ያጥባል፣ ከዚያ የውሸት ኮከብ ወይም የራስ ቅል ይመታባታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ማኅተም ያጥብ የነበረው ቴምብሩን ለማዳን ነው። አሁን ደግሞ ማኅተም ለመጨመር ይታጠባል። ገዳዩ ከሟቹ ተወደደ።

እውነተኛውን በምን ይለዩታል? ዋናው ምስክር አሁንም ፖስታው ነው። በትክክል የተመታ ማኅተም ቴምብሩ ላይ ጀምሮ ፖስታው ላይ ይጨርሳል፤ ሁለቱን ያያይዛል። የከተማው ስም፣ ቀኑ፣ የክፍያው ልክ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ ሁሉም እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። ፍርድ ቤት እንዳለ ምስክር ማለት ነው፤ ብቻውን የቆመ ቃል ይጠረጠራል፣ አራት አምስት ሆነው አንድ ነገር ከተናገሩ ይታመናል። ለዚህ ለዚህ የሚመረምሩ ተቋማት ሁሉ አሉ። ኒው ዮርክ ያለው የፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ከ1945 ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ አይቶ፣ አገናዝቦ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

የእኛዎቹስ?

«መምህር፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ የእኛስ?» የምትሉ አትጠፉም። እሺ።

የአገራችን የመጀመሪያ ቴምብሮች የወጡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 (በእኛ 1886 ዓ.ም.) ነው። የታተሙት ፓሪስ ሲሆን ቅርጹን ያወጣው ዩጂን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ናቸው። አራቱ ንጉሡ፣ ሦስቱ አንበሳው። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነው፤ 16 ግርሽ ያኔ አንድ ጠገራ ብር ነበር። ቀጥሎ በ1902 እና በ1903 እነዚሁ ቴምብሮች ላይ በራሳችን ፊደል «ቦስታ» እና «መልክት» የሚሉ ቃላት ተመቱባቸው። «ቦስታ» የሚለውን ሳይ አያቶቻችን ሲያወሩ የሰማሁ ነው የሚመስለኝ።

የቡሽ ዶሮ ግን የለንም። ስለዚህ የእኛን ታሪክ ከማኅተሙ ቅርጽ አንፈልገውም። የምንፈልገው ከማኅተሙ ብዛት ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ኅዳር 1 ቀን 1908 (በእኛ ጥቅምት 1901 ዓ.ም.) ነው። ከዚያ በፊት የእኛን ቴምብር ከድንበራችን ውጭ የሚቀበለው አልነበረም። አንድ ሰው ከሐረር ወደ አውሮፓ ደብዳቤ ሲልክ የምኒልክን ቴምብር ይለጥፋል፣ የእኛ ፖስታ ቤት ይገድለዋል፤ ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ያስፈልገዋል፣ የፈረንሳይ ማኅተም ይገድለዋል። አንድ ፖስታ፣ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ግድያ።

አሁን ይህን ከቀኑ ጋር አያይዙት። አድዋ 1896 ነው። የምኒልክ ሠራዊት የአውሮፓን ጦር ድል አድርጎ፣ መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ መልእክተኛ እየላኩ፣ የንጉሡ ቴምብር ግን ከዚያ በኋላም 12 ዓመት ያህል ጅቡቲ ላይ ሲደርስ ብቻውን መሄድ አይችልም ነበር። ሉዓላዊነት በጦር ሜዳ አንድ ቀን ይረጋገጣል፤ በፖስታ ቤት መስኮት ግን ጊዜ ይወስዳል። ይህን የሚናገረው የትኛው ሰነድ ነው? ያ ፖስታ ነው። ሁለቱን ቴምብርና ሁለቱን ማኅተም ጎን ለጎን የያዘው ሙሉ ፖስታ።

ችግሩ እንዲህ ያለ ፖስታ ጥቂት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ብዙዎቹ ፓሪስ ላይ ለሰብሳቢ ተሸጠው፣ አንድም ደብዳቤ ሳያደርሱ ደብተር ውስጥ የገቡ ናቸው። በእውነት የተጓዙትንም ቢሆን ቆራጭ እጅ አልማራቸውም። አንበሳው ያምራል ተብሎ ተቆርጦ ይወሰዳል፤ የጅቡቲው ቴምብርና ማኅተም ከፖስታው ጋር ይጣላል። የቀረችው አንበሳ ቆንጆ ናት፤ ምስክርነቷ ግን ግማሽ ነው።

ሣጥናችሁን ተመልከቱ

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያስነበብኳችሁ።

አብዛኞቻችን ቤት፣ እናት አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ የደብዳቤ ጥቅል አለ። ከጣሊያን፣ ከአሜሪካ፣ ከሱዳን፣ ከጅዳ የመጣ። ስልክ ሳይበዛ በፊት በፖስታ ሣጥን ቁጥር ይመጣ የነበረ። ብዙዎቹ ላይ ቴምብሩ የለም፤ ቦታው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ሆኗል። ልጅ ለደብተሩ ቆርጦታል፣ ወይም ዘመድ «ለሚሰበስብ ሰው» ሰጥቶታል። ያ ቀዳዳ ቀኑን ይዞ ሄዷል፤ ከተማውንም። ደብዳቤው ውስጥ «በደህና ገብቻለሁ» የሚል አለ፤ መቼ? የት? ለብዙዎቹ መልሱ የነበረው እዚያች ጥግ ላይ፣ ክብ ማኅተሙ ውስጥ ነው። በተለይ በስደት መንገድ ላይ እያሉ የጻፉ ሰዎች ደብዳቤያቸው ላይ አድራሻ አይጽፉም ነበር። ካርቱም ይሁኑ ገዳሪፍ የሚናገረው ማኅተሙ ብቻ ነው። ዘንድሮ የቤተሰቡን ታሪክ ልጻፍ የሚል ልጅ ተነስቶ ሲጠይቅ፣ የሚመልስለት ሰው ደግሞ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ አራት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ከፖስታ ላይ ቴምብር አትቁረጡ፤ በውኃም አትንከሩ። አሮጌ ነው፣ ተቀዷል፣ ቆሽሿል ብላችሁም አትጣሉ። ሙሉውን አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤውንና ፖስታውን አትለያዩ። የመጣው አብሮ ነው።

ሦስተኛ፣ በላስቲክ አትጠቅልሉ፣ በፕላስተር አትለጥፉ፣ ፀሐይና እርጥበት ባለበት አታስቀምጡ። ንጹሕ ወረቀት ውስጥ፣ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይበቃዋል።

አራተኛ፣ ዛሬ ማታ በስልካችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱ። ጀርባውን አትርሱ፤ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ማኅተም ብዙ ጊዜ ያለው ጀርባው ላይ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ይሄን ማን ጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁና በእርሳስ፣ በሌላ ወረቀት ላይ፣ ጻፉት።

ኢንቦክስ «ስንት ያወጣል?» ብላችሁ ፎቶ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ ዋጋ ተማኝ አይደለሁም። አብዛኛው ከሻይ ዋጋ አይበልጥም ብል ግን አልሳሳትም። ጆን ሂልም እኮ ዶሮዋን ሲቀርጽ ዋጋ አላሰበም፤ በዓሉ ደርሶ ነበር፣ ሰንጢው እጁ ላይ ነበር። የዳነችው ደብዳቤ የደረሳቸው ጥቂት ሰዎች ፖስታውን ሳይጥሉት በመቅረታቸው ነው። እነማን እንደነበሩ፣ ለምን እንዳስቀመጡት፣ አናውቅም። ማስቀመጣቸው በቃ።

የቤታችሁን ፖስታ ማኅተም ማንበብ ያቃታችሁ ካላችሁ ፎቶውን ኮመንት ላይ ለጥፉት፤ የግል አድራሻውን ሸፍኑት እንጂ። አብረን እናነበዋለን። ሪያድና ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ሮም ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ወላጆቻችሁ ጋ ስትደውሉ «የላክሁላችሁ ደብዳቤ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። አለ ካሉ፣ እንዳይቆረጥ ንገሯቸው።

በሉ ሰላም ሁኑልኝ።